ቴስተሯ ያልበራችበት ቀን

ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ሞተር ሲቆም የሚጠራው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተገኘ ነበር። ሙያውን የለመደው ሌላው ሲሠራ እያየ ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ኤሌክትሪክ አልያዘውም። ሚስጥሩን ሲጠይቁት የገለባውን ክምር ያሳያል። በመፈልፈያው ደንብ፣ ሽቦ የሚፈትሽ ሰው ደረቅ የሩዝ ገለባ ላይ ይቆማል።

በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ውሃው መፈልፈያው ደጃፍ ድረስ ገባ። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የሞተሩ ሽቦም መቀየር ነበረበት። ተገኘ ገለባው ላይ ወጥቶ ቴስተሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ። እጀታው ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አምፖል አለች፤ ሽቦው ኃይል ካለው ቀይ ትበራለች። አልበራችም።

ባየህ ከታች ጭቃው ውስጥ በባዶ እግሩ ቆሞ ይስቃል። አብሮት የሚሠራ አበልጁ ነው፤ ተገኘ ልጁን ክርስትና አንስቶለታል።

«አንተማ እንደ ቄስ ከፍ ብለህ ባርክ፤ ጭቃው የእኔ ነው!»

«ኃጢአተኛ ምንጊዜም ከታች ነው። ይልቅ ኃይል የለውም፣ ያዘው።»

ባየህ ያዘው። መብራት ተመልሶ ኖሯል።

በባየህ ለቅሶ ሰው ስለ ተገኘ ሲያንሾካሹክ የሟቹ ሚስት ንግሥቲ ቀና ብላ፣ «አበልጄን እንዳትነኩብኝ! ቀኑ ደርሶ ነው» አለች።

ይህ ቃል ተገኘን ከስድብ በላይ አመመው። ቴስተሩን ቤቱ ወስዶ ሞከረው፤ በራ። ያን ቀን የዋሸው መሣሪያው ከሆነ ንግሥቲን ቀና ብሎ ያያታል። ካልሆነስ? ፊዚክስ የምታስተምረውን ሰገንን ፈልጎ ሄደ።

«እዚህች አምፖል ውስጥ ኒዮን የሚባል ጋዝ አለ» አለችው። «ኤሌክትሮኖች እየሮጡ ከጋዙ አተሞች ጋር ይጋጫሉ። ጉልበት የሌለው ነጥሮ ይመለሳል፤ አተሙ ምንም አይሆንም። ጉልበት ያለው ሲመታው ግን የአተሙ ኤሌክትሮን ወደ ላይ ይዘላል፤ ተመልሶ ሲወርድ ያን ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ከዚያ የበረታው ደግሞ ጨርሶ ነቅሎ ያወጣዋል፤ የወጣውም በተራው ሌላውን ይመታል። ጋዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው እንዲህ ሲባዛ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን ነካት?»

«ኤሌክትሪኩ በእርስዎ ገላ አልፎ መሬት መድረስ አለበት። ምን ላይ ቆመው ነበር?»

«ገለባ» አለ ተገኘ።

ሰገን ቴስተሩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «መንገዱን ዘግቶባታል፣ ጋሼ። ኤሌክትሮኖቹ የሚበቃ ጉልበት አላገኙም። ብትበራ እንኳ ጭል ብላ ነው፤ በቀን ብርሃን አትታይም።»

የአርባው ዋዜማ ዕለት ንግሥቲ ለተዝካሩ ሩዝ ስትለቅም ደረሰ። አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት።

«መሬት ረግጬ ብፈትሸው ትበራ ነበር» አላት። «ቀኑ አልነበረም። እኔ ነኝ።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ገለባው ሰው ያድናል ስትሉ አልነበረም?»

«አዎ።»

«ታዲያ እሱን ለምን ወደ ላይ አልጠራኸውም?»

ይህን ሰገንን አልጠየቃትም። ራሱንም ጠይቆ አያውቅም።

ንግሥቲ ሰፌዱን ወደ ጉልበቷ ሳበች። «ሂድ፣ ተገኘ» አለችው። «አበልጄ» ሳትል በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።