ታጥቦ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ያ ቤት እስር ቤት ከመሆኑ በፊት የእህል መጋዘን ነበር። ከአምቦ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ሰው አይደለም፤ ሚዛን ነው። ጆንያ የሚመዘንበት ትልቅ የብረት ሚዛን ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል፤ መርፌው አሁንም ይሠራል። ቀጥሎ የጤፍ ብናኝ ሽታ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎቹን ያየኋቸው። ሠላሳ ስምንት ነበሩ፤ በእኔ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ።

ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ የመረጡት የቤቱ አለቃ፣ ሽበታም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ምንድን ነህ አንተ?»

«ተማሪ።»

«የምን?»

«የሕግ።»

«እንግዲህ ሕጉ እዚህ እስኪደርስ ድረስ ከመምህሩ ጎን ተኛ። እሱ አያንኮራፋም፤ አይናገርምም።»

መምህሩ የጊንጪ ሰው ነበር፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሒሳብ ያስተምር ነበር። የወሰዱት ከክፍል ውስጥ ስለነበር በሸሚዙ እጅጌ ላይ የጠመኔ ምልክት አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ሰላም ሲሉት ዘግይቶ ይመልሳል፤ አንዳንዴም አይመልስም።

በሦስተኛው ቀን እንደማይበላ አስተዋልሁ። ባለቤቱ በየቀኑ ከጊንጪ በሚኒባስ እየመጣች ስንቅ ታስገባለች። እሱ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ወደ ወጣቶቹ ይገፋዋል። በቤቱ ደንብ የአንዱ ስንቅ የሁሉም ስለሆነ ነገሩ ማንንም አላስገረመም። ሲያልቅ ተነሥቶ ዕቃውን በጥንቃቄ ያጥበዋል፤ በዘብ እጅም ወደ እሷ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ይህ ብቻ ነበር።

«መምህሩ አድማ ላይ ነው» አለ አንድ ቀን ከወጣቶቹ አንዱ፤ ሪዛም የአምቦ ልጅ። ወሬው ከምሳ በፊት ቤቱን አዳረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ጡጫውን ጨብጦ «ጀባዱ!» ይለዋል፤ በኦሮምኛ በርታ ማለቱ ነው። መምህሩ ከወንዝ ማዶ የሚጮህ ሰው እንደሚያይ ያያቸዋል። ይህንንም ጽናት አልነው። እኔ ደግሞ በረኃብ ብቻ ኃይለኛን ስላሸነፉ ሰዎች ብዙ አንብቤ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ ለማየት እመኝ ነበርና አየሁ። እሱን ግን ማናችንም አልጠየቅነውም።

በዐሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘቦቹ በሚያደርጉት ቆጠራ ላይ መግለጫ አንብበን፣ ቤቱ በሙሉ ከእሱ ጋር ማደሙን ልናሳውቅ ተስማማን። መግለጫውን እንድጽፍ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። በሳሙና ካርቶን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቁራጭ እርሳስ ጻፍሁት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ኮርቼበት ነበር። ይህ ምን እንደሚያስከትል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከእኛ በፊት ምግብ አልበላም ያለ ሰው የተባይ መድኃኒት ይቀመጥባት በነበረችው ጠባብ ክፍል ለብቻው ተዘግቶበታል። አድማውን የጀመረው እሱ ስለሆነ መምህሩም ወደዚያ እንደሚገባ እናውቃለን። የክብር ቦታው ነው ብለን ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ሪዛሙ «ክብደቱም ይጻፍ» አለ። መምህሩን ክንዱን ይዤ ወደ ሚዛኑ ወሰድሁት። ዝም ብሎ ተከተለኝ፤ ሚዛኑ ላይም ወጣ። መርፌው አርባ ስምንት ኪሎ ላይ ቆመ። ሁሉም አጨበጨበ። እሱ መርፌውን አላየም።

ያላጨበጨበ አንድ ሰው ነበር፤ የጉደር ነርስ። ለምን እንደታሰረ እስከዚያ ቀን ለራሱም ማንም አልነገረውም። ወደ ጥግ ጠራኝ።

«መግለጫውን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎን።»

«አድማ ላይ መሆኑን ጠይቀኸዋል?»

«አልጠየቅሁትም።»

«እሺ፣ አንተ አንባቢ ነህ። ያደመ ሰው የመጣለትን ምግብ ምን ያደርገዋል?»

«ይመልሰዋል። አለመብላቱ በውጭ እንዲታወቅ…» ብዬ ጀመርሁና አቆምሁ።

«መምህሩስ?»

መምህሩ የሚመልሰው ባዶ ዕቃ ነበር፤ ያውም አጥቦ።

«ባለቤቱ በላልኝ ብላ ደስ ብሏት ነው በየቀኑ የምትመለሰው» አለ ነርሱ። «በማን ላይ ነው የሚያድመው? በእሷ?»

ከዚያ ከጎኑ ተኝቼ ያላየሁትን ነገረኝ። ጎህ ሳይቀድ ይነቃል፤ እስኪነጋ ግን አይገላበጥም። የውሃ ተራው ሲደርስ ፊቱን አይታጠብም። ስሙ ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አይሰማም። «ይህ የድብርት ሕመም ነው» አለ። «ብዙ አይቻለሁ። በዚያች ክፍል ብቻውን ከተዘጋበት በሕይወት መውጣቱን እንጃ።»

ሪዛሙ ቆሞ ይሰማን ኖሯል። «ምን ድብርት! እኛስ አልደበረንም?»

«አንተ ትናንት ዳማ ተሸንፈህ ስትንጫጫ ነበር» አለው ነርሱ። «እሱ ‹ባለቤትህ መጣች› ሲባል እንኳ ፊቱ አይለወጥም።»

«ፈርተህ ነው። ወይስ ሌላ ሥራ ይዘህ ነው የገባኸው?»

በዚያ ቤት «ሌላ ሥራ» ማለት ጆሮ ጠቢ ማለት ነው፤ በዚህ ቃል ጎድኑ የተሰበረ ሰው አለ። አራት አምስት ወጣቶች ተነሡ። ነርሱ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

ካቦው ከተቀመጠበት ሳይነሣ «የሕግ ተማሪው ይናገር» አለ። «ወረቀቱ የሱ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አላነበውም» አልሁ። «ሰውዬው ታሟል። ተሳስቼ ነው የጻፍሁት።»

አንዱ እግሬ ሥር ምራቁን ተፋ። ወረቀቱ በፍተሻ ቢገኝ ለሁላችንም መዘዝ ነበርና ቀድጄ አፌ ውስጥ ከተትሁት። የሳሙና ጣዕም ነበረው። እያዩኝ አኝኬ ዋጥሁ። ካቦው «ሕግ ሲበላ ዛሬ አየሁ» አለ። ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ የተነሡትም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ነርሱ ከመምህሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቦታዬ እዚያው ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መሞት ያስባሉ?»

ጥያቄው አስደነገጠኝ። መምህሩን ግን አላስደነገጠውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«ስተኛ፣ ባልነቃ እላለሁ» አለ። «ሌላ ነገር ለማድረግ አቅሙም የለኝ።»

«እዚህ ከገቡ ወዲህ ነው?»

«ከዚያ በፊት ነው። ክረምቱን ሙሉ። ሊወስዱኝ ሲመጡ… ቀለለኝ። ከእንግዲህ ለምን አትነሣም የሚለኝ የለም ብዬ።»

ነርሱ ጀባዱ አላለውም። «ገባኝ» አለ። «ስንፍና አይደለም፤ ሕመም ነው፤ ይታከማል። ግን ባለቤትዎ ማወቅ አለባት።»

«እንድትጨነቅ አልፈልግም።»

«ሳታውቅ ቢያመልጧትስ?»



እኩለ ቀን ላይ ስንቁ ገባ፤ ጭኮ ነበር፤ የገብሱና የቅቤው ሽታ ከብናኙ በላይ ተሰማ። እንደ ልማዱ እጆች ተዘረጉ። ካቦው «የመምህሩን ዕቃ ዛሬ ማንም እንዳይነካ» አለ። መምህሩ ክዳኑን ከፈተ፤ ረጅም ጊዜ አየው። ሦስት ጊዜ ጎረሰ። እያንዳንዱን ሲውጥ ድንጋይ የሚያነሣ ይመስል ነበር። ከዚያ ክዳኑን ገጠመው፤ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ምሳ ዕቃውን ሳያጥብ ይዞ በገዛ እግሩ ወደ በሩ ሄደ።

«አልበላም በሏት» አለው ዘቡን።

«ምን?»

«ለባለቤቴ። አሞታል፤ አልበላም በሏት።»

ዘቡ ዕቃውን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው፤ ከብዶታል። ወሰደው። ጥቂት ቆይቶ ከአጥሩ ውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ። ልቅሶ አልነበረም፤ ሙግት ነበር፤ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ። «ሐኪም ሳያየው አልሄድም!» ቆጠራው ያለ መግለጫ አለፈ። ባለቤቱ እስኪመሽ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ በማግሥቱም፣ በሠልስቱም። በአራተኛው ቀን መምህሩ በሁለት ዘቦች ታጅቦ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። እስከዚያ ድረስ ነርሱና እኔ በየተራ ከጎኑ ተቀመጥን። ሪዛሙ በሦስተኛው ቀን፣ ምንም ሳይናገር፣ የውሃ ተራውን ሰጠው።

ከዓመታት በኋላ መምህሩ ወደ ማስተማሩ መመለሱን ሰማሁ። ሕመሙ አንዳንድ ክረምት ይመለሳል ይላሉ፤ መድኃኒቱን አላቋረጠም።

እኔ ከእስር ከወጣሁ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነበር። ከእኅቴ ጋር እኖራለሁ። ምሳዬን ከድና ወደ ሥራ ስትሄድ ለጓሮው ውሻ እሰጠውና ሳህኑን አጥባለሁ። ይህን ስንት ወር እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ቀልቤ እዚያ አልነበረም። አንድ ቀን ከቧንቧው ሥር ቆሜ፣ ውሃው በንጹሕ ሳህን ላይ ሲወርድ እያየሁ፣ ያንን አስተጣጠብ ከየት እንደማውቀው ትዝ አለኝ።

ቧንቧውን ዘጋሁት። እኅቴ እስክትመጣ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«አልበላሁም» አልኋት።