ዛሪማ ላይ በእጄ የያዝሁት መብራት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከምኖርበት ከፀዳ ወደ ከተማ ልትወስደኝ መጣች። የማኪናዋን በር ስከፍት ከራሴ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች፤ ስዘጋው ጠፋች። መልሼ ከፈትሁት፤ መልሼ ዘጋሁት። «እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ምንም አልጠፋብኝም። የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ በአንድ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ የበሽተኞች መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ክሊኒክ ይባል እንጂ ጎብኝዎች ትተውት የሄዱት፣ አልጋና ማብሰያ ያለው፣ ቤት የሚያህል ማኪና ነበር። ነርሷ ሲስተር አልማዝ፣ ሾፌሩ አያ ታከለና እኔ ነበርን። ልጆች በመስኮቱ አጮልቀው እያዩ ስላስቸገሩ ሲስተር የኋላውን ክፍል መስታወት ሁሉ ጥቁር ቀለም አስቀብታዋለች። ከውስጥ መብራቶቹም የምትሠራው አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም በሩ ሲከፈት ትበራለች፣ ሲዘጋ ትጠፋለች። በሩን ከፍተን ዓይንና የሕፃናት ሳል ስናክም ይህ ችግር መሆኑን ማንም ልብ አላለውም።

ጥቅምት ነበር። ደባርቅ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ገብሱ ገና አልታጨደም። እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ሊማሊሞን ቁልቁል ወረድን። ቆላው ዛሪማ ስንደርስ ጋቢዬን ጥዬ ነጠላዬም ከበደኝ።

ገበያው መሃል ቆምን። የመጀመሪያዋ ሰው አንዲት አራስ ነበረች። ጡቷ መግል ቋጥሮ፣ ከባሏና ከአማቷ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ተጉዛ መጣች። ሕመሙ ስለጠናባት ሕፃኑን ማቀፍ አቅቷታል። ሲስተር በስታ መግሉን ልታወጣላት በሩን ስንዘጋ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ስንከፍተው ገበያተኛው ፊት ለፊት ቆሟል። ሴትየዋ ፊቷን የሸፈነችበትን ነጠላ አጥብቃ ያዘች።

«ምነው ልጄ፣ ወንዱ ሁሉ ቆሞ እያየ ደረቷን ትግለጥ?» አሉ አማቷ። «እንዲህ ከሆነስ ወደ አገራችን እንመለሳለን።»

የእጅ ባትሪያችን ድንጋይ አልቆ ነበር፤ ገበያውም ላይ አልተገኘም። ሲስተር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እንዲሁ ከተመለሰች ትሞታለች» አለችኝ።

የበሩን መቃን አየሁት። በሩ ሲዘጋ የሚጫናት አንዲት ቁልፍ አለች። በሩ ሲከፈት ቁልፏ ብቅ ትልና ከመብራቷ የመጣውን ሽቦ ከማኪናው ብረት ጋር ታገናኘዋለች። እንግዲያ ሽቦውን ነቅዬ እኔው ከብረቱ ጋር ባገናኘውስ? ወደ ሾፌሩ ዞርሁ።

«አያ ታከለ፣ ይቺን ቁልፍ ልፍታት?»

«የመሪጌታ ልጅ፣ አባትሽ ያስተማሩሽ ዳዊት ነው ወይስ ሽቦ?»

«ፊዚክስ ተምሬያለሁ።»

«ማኪናው ቢቃጠል ለአለቆቼ ፊዚክስ ነው የምላቸው?»

«ካቻቢቴውን ይስጧት» አለች ሲስተር። ሰጠኝና ርቆ ቆመ።

ቁልፏን ፈታሁ፤ ሽቦውን ነቀልሁ። በሩ ተዘጋ። በጨለማው ውስጥ የብረቱን ቀለም በካቻቢቴው ፍቄ ሽቦውን አስነካሁት። በራ። እጄ ከተንቀሳቀሰ ስለሚጠፋ ትንፋሼን ውጬ ያዝሁት። ሴትየዋ እንዳታፍር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። አንድ ጊዜ ጮኸች። ጥቂት ቆይቶ ሲስተር «በደኅናው ጡት አጥቢው» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎም ሕፃኑ ሲውጥ ይሰማኝ ጀመር።

ይህን የሰሙ ሴቶች በሩ ላይ ተሰለፉ። እኔም መዝገቡን የምጽፍበት እጅ ስላስፈለገኝ ሽቦውን ከብረቱ ጋር አጥብቄ አሰርሁት። እስኪመሽ ሠራን። በደስታ ሰክሬ ለማደር ወደ መንደሩ ስንሄድ መፍታቱን ረሳሁት። በሩ ዝግ፣ መስታወቱ ጥቁር፤ መብራቱ ሲበራ ማደሩን ከውጭ ማን ይየው?

ጠዋት ሲስተር ሴትየዋ ካደረችበት ቤት ሄዳ ቁስሏን ስታጥብላት አያ ታከለ ሞተሩን ሊያስነሳ ቢሞክር ማኪናው ድምፅም አላሰማም። በሩን ከፍቶ ባትሪውን ስትጨርስ ያደረችውን መብራት አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ሸጋ አርገሽ ሠራሽው» አለ። «አሁን ደግሞ በፊዚክስ ግፊው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። የአራሷ ባል ከሲስተር ጋር ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ ጋቢውን አወለቀና ትከሻውን ለማኪናው ሰጠ። እሱን አይተው ሌሎችም መጡ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ሲነሳ መንደሩ በሙሉ እልል አለ። ደባርቅ እንደደረስን የቤት መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ገዝቼ ሽቦውን በእሱ በኩል አሳለፍሁት። አያ ታከለ ከዚያ በኋላ ሥራዬን ሳይፈትሽ አድሮ አያውቅም።

ልጄ ይህን ሰምታ «ሴትየዋ ምን ትመስል ነበር?» አለችኝ። ፊቷን አላየሁትም። ሞተሩ ጉድ ሲሠራኝ ወደ እሷ መሄድም አልቻልሁም። በሕይወቴ ጠቅሜያለሁ ብዬ የማስባትን ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት ሰላም ሳልላት ነው የማልፋት። ይህ ድሮ ይቆጨኝ ነበር። አሁን አይቆጨኝም፤ ያን ዕለት እሷ ከእኔ የፈለገችው እንዳላያት ነበርና።