በቁሙ የተሸጠው ስንዴ

ወንድሜ የሞተው አጨዳ ሲደርስ ነው።

ዲክሲስ ያለውን ማሳችንን የሚያጭደው ኮምባይነር ነው። ገበሬው ተራ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ካልተገኘ ማሽኑ ወደሚቀጥለው ማሳ ያልፋል። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት ተራ ይዞልን ነበር። ያ ስንዴ የኔ ነበር ማለት ይቻላል። አሰላ ቤት ተከራይቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንድጨርስበት ብሎ ነው የዘራው።

ተራችን የደረሰው በቀብሩ ማግስት ነው። ጎረቤቶቻችን ኮምባይነሩን አይተውታል። አንድም ሰው አልነገረንም። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ እህል ማንሳት ነውር ነው። አክብረውን ዝም አሉ። ማሽኑ አለፈን።

የነገረን እህል ነጋዴው ነው። የለቅሶው ድንኳን ገብቶ ዱዓ አደረገ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ተጠጋ።

«አላህ ያጽናዎት እናቴ። ተራችሁ እኮ አለፈ።»

«የምን ተራ?»

«የኮምባይነሩ። ደመናውን አይተውታል? ዝናብ ከመታው በቁሙ ይበቅላል። እንዳለ ልውሰደውና ይገላገሉ።»

«የልጄ አፈር ገና አልደረቀም።»

«በዚህ ሰማይማ እንዴት ይደርቃል።»

አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ። ሳል አስመሰለው።

እናቴ ሸጠችለት። ወንድሜ ቢኖር ኖሮ በዚያ ዋጋ የጠየቀውን በዱላ ያባርረው ነበር። በማግስቱ ኮምባይነሩ ተመልሶ መጣ። ለነጋዴው ሲሆን ተመለሰለት። ዝናቡ... ዝናብ አልጣለም።

አሰላ ስመለስ የኢኮኖሚክስ ፈተና ጠበቀኝ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ ሻጭ ብዙ ሆኖ ገዢ አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋ ምን ይሆናል፣ ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ስጡ ይላል። ምሳሌ ነበረኝ። ጻፍኩት። ተራውን፣ ደመናውን፣ የገዢውን ጥድፊያ። ድንኳኑን ተውኩት። ወንድሜን ተውኩት። «አንዲት ሻጭ» አልኩ እናቴን።

መምህሩ ወረቀት ሲመልስ የኔን ለክፍሉ አነበበው።

«መረዳት ማለት ይሄ ነው። ሻጯ ምን ማድረግ ነበረባት?»

ከኋላ አንዱ፣ «ተራዋን መጠበቅ ነዋ ቲቸር። ምን ትሠራ ነበር?» አለ።

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ አለ። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አየሁ። ሙሉ ነጥብ። የነጋዴው እጅ ትዝ አለኝ፣ ፊቱን ሲጠርግ።

ማታ እናቴ ደወለች።

«ፈተናው እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው።»

«ስለ ምን ጠየቋችሁ?»

«ስለ ገበያ።»

«አወቅከው ታዲያ?»

«አወቅኩት።»

«ተመስገን። ወንድምህም ይሰማል» አለች። የስንዴው ብር ለቤት ኪራይ እስከ መቼ እንደሚያደርሰኝ ልትጠይቀኝ ጀምራ ተወችው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደማያደርሰኝ ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያ ማንም አልፈተነንም።