ሦስተኛው ሸርጣን

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እህቴ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን አፓርትመንቷን ስትለቅ ባዶ የዓሣ ገንዳዋን እኔ እስካለሁበት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ጭና አምጥታ ሳሎኔ ውስጥ አስቀመጠችው። «ለልጅሽ ነው» አለችኝ፣ እንቢ እንዳልል። ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዓሣ ትመርጣለች ብዬ የቤት እንስሳት ወደሚሸጥበት ሱቅ ብወስዳት ጥግ ላይ ካለ የመስታወት ገንዳ ፊት ተገትራ ቀረች። ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሸርጣኖች ነበሩበት። ወንዱ አንደኛው ክንዱ ከገላው ይበልጣል፤ እሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ሰው የሚጠራ ይመስላል። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት ገዛን።

ውሃው ጨው ጨው ማለት እንዳለበት፣ መውጫ አሸዋና መደበቂያ ድንጋይ እንደሚያስፈልጋቸው ሻጩ ነገረን፤ አንዲት ቀጭን መጽሐፍም ሰጠን። ልጄ መጽሐፏን ሸመደደቻት። እኔ አልገለጥኳትም። ሁለት ሥራ የምትሠራ ሴት ስለ ሸርጣን የምታነብበት ጊዜ የላትም ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጣች። ገንዳውን ስታይ አማተበች።

«ይኼንን ነው በቤትሽ የምታሳድጊው?»

«እዚህ አገር እኮ ቀቅለው፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ይበሉታል» ብላት ጭራሽ ባሰባት።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ወንበሯን ገንዳው አጠገብ ስባ ተቀምጣ አገኘኋት። እኔ ሥራ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ስንውል ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር እነሱ ብቻ ነበሩ። ወንዱን «ጌታው» ትለው ጀመር። «ጌታው ዛሬ ምሳውን አልነካም» ትለኛለች ገና ከበር ስገባ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከአያቷ ጋር ብዙም አያወሩም ነበር። ገንዳው ፊት ግን እየተጠቋቆሙ አብረው ይስቃሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ አርፏል። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ ገላዋን እየታጠበች ነበር።

መርዶ ደግሞ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ራሷን ስትጥል የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው። አገር ቤት ቢሆን በማግስቱ ይነገራት ነበር። እዚህ የሁሉም ሰው ሺፍት መገጣጠም አለበት። እህቴ «ቅዳሜ ደብል ሺፍት እሠራለሁ፣ ኦፍ የምሆነው እሑድ ነው» ትላለች። እዚሁ አቅራቢያችን ጀርመንታውን ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ እሑድ ሥራ ናቸው። አንድ እሑድ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሰው ደውሎ እንዳያመልጠው ጠዋት ጠዋት ስልኩን ነቅዬ እወጣ ነበር። «ወንድሜ ምነው ዝም አለኝ?» ስትለኝ «መስመሩ እያስቸገረ ነው» እላታለሁ፣ ዓይኗን ሳላይ።

በዚህ መሀል አንድ ጠዋት ጌታውን አሸዋው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ብነካው አይንቀሳቀስም። ክንዱም እግሮቹም እንዳሉ ናቸው፤ ሳነሣው ግን ቅልል አለኝ። አላሰብኩበትም። በወረቀት ጠቅልዬ ጣልኩትና ልጄ ስትነሣ «ድንጋዩ ሥር ገብቶ ተኝቷል» አልኳት። ለእናቴም ያንኑ ነገርኳት። ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ሱቅ ሄጄ፣ ትልቁ ክንዱ በዚያው በቀኝ በኩል የሆነ፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ገዝቼ ማንም ሳያየኝ ጨመርኩ። «ይኸው፣ ተነሣ!» አልኳት ለልጄ። ትክ ብላ አየችው። እኔ ግን፣ አልዋሽም፣ በብልሃቴ ኮራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሳሎን ሆና ጠራችኝ። ከድንጋዩ ሥር ገርጣ ያለ ሸርጣን እየተጎተተ ይወጣል። ሴቷ እዚያው አለች፣ እኔ የገዛሁትም አለ፤ ይኼ ሦስተኛ ነው። ከበፊቱ ተልቋል፤ በግራ በኩል ግን ሁለት እግር ጎድሎታል። ልጄ መጽሐፏን አምጥታ አንድ ገጽ ገለጠችልኝ። ሸርጣን ሲያድግ፣ እባብ ቆዳውን እንደሚገፍ፣ ቅርፊቱን ከነእግሩ አውልቆ ይጥላል። አዲሱ እስኪጠነክርለት ተደብቆ ይሰነብታል፤ ያን ጊዜ ሌላ ሸርጣን ካገኘው ይጎዳዋል። እኔ የጣልኩት ልብሱን ነበር። እግሩን የቆረጠውን ጎረምሳ ገዝቼ ያመጣሁበትም እኔው ነኝ።

«ማሚ፣ ዩ ላይድ ቱ ሚ» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን አለች?» አለች እናቴ ከወንበሯ።

ሌላ ነገር ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ግን ውሸቱ ሰለቸኝ።

«ጌታው የሞተ መስሎኝ ደብቄያት ነበር። ለምን ዋሸሽኝ ነው የምትለው።»

እናቴ ልጄን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጸጉሯን ዳበሰቻት። «እውነቷን ነዋ! ለምን ደበቅሻት?»

«እንዳትደነግጥ ብዬ።»

«እና አሁን አልደነገጠችም?»

ለመርዶው፣ ለነገ ማለዳ ሁሉም ሰው ተገጣጥሞልኝ ነበር፤ ጀርመንታውን ያሉት እንኳ ሥራ ቀይረው ሊመጡ ነው። እህቴ «ብቻሽን? ምን ዓይነት ደፋር ነሽ!» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ያቺን አንድ ቀን መታገሥ አቃተኝ። ምንጣፉ ላይ፣ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አንቺንም ደብቄሻለሁ» አልኳት።

ጸጉር የሚዳብሰው እጇ ቆመ።

«ማንን?» አለችኝ።

ነገርኳት። ራሷን ስትጥል የያዘቻት ልጄ ነበረች።