እስከ አቅኚው ድረስ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በጎረቤት አገር፣ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን እንድተይበው የተሰጠኝ ጥናት ቦርንዮ ደሴት ላይ ስለሚኖሩ፣ ካያን ስለሚባሉ ሰዎች ነበር። እዚያ ጫካውን መጀመሪያ የመነጠረ ሰው መሬቱ የእሱና የልጅ ልጆቹ ነው፤ አፈሩ እንዲያገግም ጦም ቢያድርም ባለቤት አለው። እንጨት ቆራጮች መጥተው ግን «ይሄማ ባዶ ነው» አሏቸው። አንድ ሽማግሌ ለማስረጃ ዘጠኝ አባቶቻቸውን እስከ መንጣሪው ድረስ ቆጥረዋል። የስሞቹን ዝርዝር ሦስት ጊዜ ከተየብኩት በኋላ አለቃዬ «ይሄን ሁሉ ስም ማን ያነበዋል? አውጪው» አለችኝ። አወጣሁት። ምንም አልተሰማኝም፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከአገር ቤት የመጣ አንድ ነጋዴ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ የአባቴን ደብዳቤ አመጣልኝ። አባቴ ታሞ እርሻው ሁለት ክረምት ጦም በማደሩ ጎረቤቱ አርሶታል። ቀበሌው «ሽማግሌ ይየው» ብሏል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በድሮው ደንብ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አባት፣ እስከ አቅኚው ድረስ ቁጠር ብለውታል። «እርጅና ተጫጭኖኝ ይምታታብኛል። ያስተማርኩሽን ሰባቱን አባቶች ጽፈሽ ላኪልኝ» ይላል።

ወንድ ልጅ ስላልነበረው ያስተማረው እኔን ነው። አረም ስናርም ከኋላዬ ሆኖ «ቁጠሪ!» ይለኛል፤ ከተሳሳትኩ እንደገና ከራሱ ያስጀምረኛል። እናቴ «ለሴት ልጅ ምን ሊሆናት?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እስከ አራተኛው ያለ ችግር ወረደልኝ። አምስተኛው ላይ የካያኑ ሽማግሌ አምስተኛ አባት መጡብኝ። ሰርዤ እንደገና ጀመርኩ፤ አሁንም እሳቸው ናቸው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ዝም ብለሽ ፊል አድርጊው ባና፣ ማን ቼክ ያደርጋል?» አለችኝ፣ እንደ አገሩ ሰው ቃል እየቀላቀለች። በአጥንት አይዋሽም ብዬ አራቱን ብቻ ላክሁ። «አባዬ፣ የቀረው አንተን አይጠፋህም» የሚል ጨመርኩበት።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። «እኔም የምጠፋው እዚያው ላይ ነው፣ ልጄ። አራቱን ቆጥሬ ስቆም ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ለጎረቤታችን ፈረዱለት። ጤናሽን ጠብቂ።»

አላለቀስኩም። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ማታቱ ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ሥራ ገባሁ። ብቻ «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲባል ስሰማ እበሽቃለሁ። ባለቤቱ ከረሳስ?

የካያኑን ሽማግሌ ዘጠኝ አባቶች ዛሬም አንድ ሳልዘል እቆጥራለሁ። የአባቴን ስቆጥር አራተኛው ላይ እቆማለሁ።