ጦም ያደረ መሬት

የገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ሞፈር ያልነካው መሬት «ጦም ያደረ» ነው የሚባለው። አባቴ እንዲህ ያለ መሬት ሲያይ የተራበ ልጅ ያየ ያህል ፊቱ ይጠቁር ነበር። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ድረስ መጥቼ ካርታ ሠሪ ስሆን ቃሉ አብሮኝ መምጣቱን አላወቅኩም።

የምሠራበት ድርጅት ከጁባ ርቆ ባለ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች መሬታቸውን እንዳይነጠቁ ያግዛል። አንድ የጣውላ ኩባንያ ደናቸው እንዲሰጠው ለመሬት ቢሮው አመልክቶ ነበር። ደኑ የእነሱ መሆኑን ለማስረዳት ካርታ ያስፈልጋል፤ ካርታው ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ደኑን በእግሬ አልረገጥኩትም። ጁባ ውስጥ ጉዴሌ ሰፈር ካለው ቢሯችን ቁጭ ብዬ፣ በሳተላይት ፎቶ ላይ እርሻውንና መንደሩን ለየሁ። የቀረውን ሁሉ ግራጫ ቀባሁትና ባተምኩት ቅጂ ጎን ላይ በእርሳስ «ጦም ያደረ» ብዬ ጻፍኩ። ለመሬት ቢሮው በእንግሊዝኛ ስልከው «ሥራ ላይ ያልዋለ መሬት» ሆነ። በሥራዬ ደግሞ ኮርቼ ነበር እኮ!

ጉዳዩ የሚሰማበት ቀን ሲቃረብ ሰዎቹ ሁለት ተወካይ ላኩ። ካስተም የሚባለው መናኸሪያ ሄጄ ከጭነት መኪና ሲወርዱ ተቀበልኳቸው። አንዷ ሁሉም «ሀቦባ» የሚላቸው ሴትዮ ናቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። ሌላዋ አስተርጓሚያቸው፣ በስደት ኢትዮጵያ ያደገች ወጣት ነች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። የጉዴሌን ጭቃ አቡክተን ቢሮ ገባን፤ እኔም ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

ልጅቷ የእርሳስ ጽሑፌን አየችና ሳቀች። «ጋሼ፣ መሬት ደግሞ ይጦማል እንዴ?»

ለሀቦባ ተረጎመችላቸው። እሳቸው አልሳቁም። ጣታቸውን ግራጫው ላይ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ።

«ማነው የጦመው? ይሉሃል» አለችኝ ልጅቷ፣ አሁን ቀስ ብላ። «በጦርነቱ ጊዜ ማሳችን ሲቃጠል እዚህ ገብተን ነው የበላነው እያሉ ነው። ይሄ ደን ባይኖር እኔ ራሴም አልወለድም ነበር።»

ክው አልኩ። ወንበር ሳብኩና «በሉ ሀቦባ፣ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ ነገሩኝ። ቦዬ የሚባለው የዱር ሥር የሚቆፈርበትን፣ እንጉዳይ የሚወጣበትን፣ ዓሣ እንዲራባ ማንም መረብ የማይጥልበትን ወንዝ። የማር ዛፎች እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው፤ ከእናት ለልጅ ነው የሚተላለፉት። ለእያንዳንዱ ዛፍ ቢጫ ነጥብ አደረግሁ። የገበሬ ልጅ መሆኔን ነግሬያቸው ስለነበር፣ ሲደክመኝ ሀቦባ ትከሻዬን ቸብ እያደረጉ «ኧረ ገበሬው፣ ገና ነው!» ይሉኝ ነበር። ካርታው ላይ ግራጫ ቦታ አልቀረም። እኔ ግን እልህ ይዞኝ ነበር፤ የምናደደው በራሴ ነው።

በቀጠሮው ቀን፣ መሬት ቢሮው ጉዳዩን በሚሰማበት አዳራሽ፣ የኩባንያው ጠበቃ ማመልከቻውን ማንበብ ጀመረ። «በራሳቸው ደጋፊዎች ካርታ መሠረት፣ መሬቱ ሥራ ላይ ያልዋለ ነው» አለና አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ። ግራጫው ካርታዬ! ከመሬት ቢሮው ወስደውታል። አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዝም በል፣ በኋላ በደብዳቤ እናርመዋለን» አለኝ።

ሀቦባ ከፊቴ ነው የተቀመጡት። ነጠላ ጫማቸው ላይ የጉዴሌ ጭቃ ደርቋል።

ተነሳሁ። «ያንን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቦታውን ሳላይ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት። ስህተት ነው» አልኩ። ከዚያ አዲሱን ዘረጋሁት፤ ሀቦባም ቆመው ቢጫዎቹን አንድ በአንድ፣ ከነባለቤቶቻቸው ጠሩ። ጉዳዩን የሚሰሙት ሰብሳቢ አላቋረጧቸውም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ቢሮው በእልልታ ተናወጠ። ወዲያው ወደ ሀቦባ መንደር ደወልኩ፤ ልጅቷ አነሳችና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ሰምተናል ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን» አለችኝ። «ግን የኩባንያው ቀያሾች ቀድመው ገብተው ነበር። በድሮው ካርታ መንገድ ሲያወጡ ሦስት የማር ዛፍ ቆርጠዋል። አንዱ የሀቦባ ነው፤ ከእናታቸው የወረሱት።»

የድሮው ካርታ ያለችው የእኔን ነው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና የሀቦባን ዛፍ ቢጫ ነጥብ አጠፋኋት።

«ምን እየሠራህ ነው ይሉሃል። የሚንኳኳ ነገር ሰምተዋል።»

«የሌለ ዛፍ ካርታ ላይ አይቀመጥም ብዬ እያጠፋሁ ነው» አልኩ።

ሀቦባ ጮክ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ዛፉን መልሰው ነው የሚሉህ። ዛሬም ባዶ ነው ልትል ነው? ይሉሃል።»

ነጥቧን ቦታዋ ላይ መለስኳት። ከጎኗ ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳቸው። የእናታቸውን ስም ነገሩኝ፤ አልያዝ ሲለኝ ፊደል በፊደል እያስደገሙ አጻፉኝ።