ከሰሉ ደጅ ያደረ ዕለት

ጧት ራሳችሁን እየፈለጣችሁ ተነሥታችሁ፣ ከቤት ወጥታችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፍቶላችሁ ያውቃል? ከሆነ፣ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ምን ሲነድ እንዳደረ አስቡ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ላፍቶ ገና እህል ይታጨድበት በነበረበት ጊዜ፣ መካኒሳ አካባቢ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ የማስረዳት ሱሴ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስከ ግቢው ይከተለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት የአከራዬ ልጅ እናቷ ቤት ወለደች። አራስ ንፋስ አይንካት ተብሎ መስኮቱ በጨርቅ ተወተፈ፣ የበሩ ስንጥቅ በጋዜጣ ተደፈነ። ሲመሽ ደግሞ የከሰል ምድጃ ይገባል። አከራዬ ጥንቁቅ ናቸው፤ ከሰሉን የሚያስገቡት ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ፣ ቀይ ፍም ሲሆን ብቻ ነው። «መርዙን ይስበዋል» ብለውም አጠገቡ አንድ ጣሳ ውሃ ያስቀምጣሉ።

አንድ ጧት ልጠይቃት ስገባ አራሷ ከትራሷ ቀና ማለት አቅቷት አገኘኋት። ገንፎዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሕፃኑም ጡት ይዞ መልሶ ያሸልባል። ፈራሁ።

«ምች ነው» አሉ አከራዬ። «እኔንም ጧት ጧት ራሴን ይይዘኛል።»

«እርስዎን መቼ ይለቅዎታል፣ እማማ?»

«ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ። ጸሎት የማይፈታው ምን አለ ብለሽ?»

«እሷ ግን ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። እሷን በምን ይልቀቃት?»

ዞረው ልጃቸውን አዩ። እኔም አስረዳሁ። ከሰል ፍም ሲሆን ጭሱን እንጂ መርዙን አይተውም። መርዙ ጋዝ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ውሃም አይይዘውም። በተዘጋ ቤት ይጠራቀምና ደማችን ንጹሕ አየር እንዳይሸከም ያደርጋል። እርስዎ መንገድ ላይ ንጹሑን ስለሚስቡ ይሻልዎታል፤ እሷና ልጇ ግን እዚሁ ናቸው አልኳቸው።

«እንግዲህ ጸሎቴን ልትቀሚኝ ነው» አሉ፣ ፈገግታቸውን እየያዙ።

«ጸሎትዎ ይቆይ፤ ምድጃው ይውጣ።»

«በብርድ ልትገድያት ነው፣ አንቺ ልጅ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ንፋሱን መፍራታቸውን ብንቅባቸው ምድጃውም አይወጣም። ስለዚህ አራሷንና ሕፃኑን ጠቅልለን ወደ እኔ ክፍል አሻገርናቸውና የእሷን ክፍል ወለል አድርገን ከፈትነው። አልጋውን ከመስኮቱ አርቀን ጥግ አስያዝን፤ የመስኮቱን ጨርቅ ነቅለን በመስኮቱና በአልጋው መካከል አንሶላ ጋረድን። አየሩ ይገባል፣ አራሷን ግን ፊት ለፊት አይመታትም። ሲመሽ ወደ ክፍላቸው መልሰናቸው፣ ጠርሙሶች ሞቅ ባለ ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን፣ እግሯ ሥር ከብርድ ልብሱ በታች ከተትን። አከራዬ እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል።

«ነገ ራሷን ካመማት ምድጃውን ራሴ ተሸክሜ አስገባለሁ» አልኳቸው። ከሰሉ ደጅ አደረ።

በነጋታው ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ የአራሷ ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ። «እማዬ፣ ገንፎው ቅቤ አነሰው እኮ።»

«ዳነች» አሉ አከራዬ። «ማማረር ጀመረች።» ሕፃኑም ግቢውን በለቅሶ አናጋው። እንደዚያ ጧት ለቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በክርስትናው ዕለት አከራዬ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያስረዱ ሰማኋቸው። «ፍም ሲሆን ጭሱን ነው የሚተወው፣ መርዙን አይደለም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እስቲ ድገሚልኝ።» ሴትየዋ ደገመች። እኔም ተማሪዎቼን የማስደግመው እንዲሁ ነው። ካስተማርኩት ሁሉ በዚያች ትምህርት እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጡት፤ መስኮቱ ላይ የወተፋችሁትንም ጨርቅ ንቀሉ። ጧት ራሳችሁ ቀለል ካላችሁ ለጎረቤት አስረዱ፤ አስደግሟቸውም።